ፓፓያው ሥር የደፋሁት ወተት

ልጅ ሳለሁ ጭስ ጭስ የሚል ነገር ሁሉ የአኮ ቱሜ ይመስለኝ ነበር። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ግን የሥጋ አያቴ አልነበሩም። ነገሌ ቦረና በተከራየነው ግቢ ውስጥ፣ ከጓሮ በኩል ያለችው አንዲት ክፍል የእሳቸው ነበረች። የመጡት ከዱብሉቅ በኩል ነው። ድርቁ ከብቶቻቸውን ከጨረሰ በኋላ፣ ከዚያ ሁሉ መንጋ የተረፈችውን ቡሬ የምትባል ላማቸውን ይዘው። አባቴ አስተማሪ፣ እናቴ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ስለሆኑ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እኔንና ትንሹን ወንድሜን ናቲን የሚጠብቁን እሳቸው ነበሩ። ያኔ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የከሰል ምድጃቸውን ደጃፋቸው ላይ ያወጡና፣ ፍሙ እስኪቀላ አራግበው አራግበው፣ እኛን ከግራና ከቀኝ አስቀምጠው ተረት ይነግሩን ነበር።

በቀን ግን አይሞከርም። «በፀሐይ ተረት ያወራ ሰው ከብቱ ይጠፋል» ይሉናል። ናቲ አንድ ቀን «እኛ እኮ ከብት የለንም» አላቸው።

«እኔ አለኝ። አንድ ናት። እሷን ልታጠፊብኝ ነው?»

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ናቲንም «አንቺ» ነው የሚሉት። እሱ «ወንድ ነኝ!» ብሎ ይነጫነጫል። እሳቸው ደግሞ በጣም ከምራቸው «ኤዬ፣ ወንድ ነሽ» ይሉታል።

የቡሬን ወተት የሚያመጡልን በጮጮ፣ ተሰፍታ በምትሠራው የወተት ዕቃቸው ነበር። ከመታለቧ በፊት ወይራ ያነዱና ፍሙን ጮጮው ውስጥ ጨምረው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ ጆሯቸው አጠገብ ይዘው ይወዘውዙታል፤ የሆነ ነገር የሚነግራቸው ይመስል ነበር። ጭሱ ካነሰ ወተቱ አይቆይም፣ ከበዛ ይመርራል። ልኩን የሚያውቀው እጅ ነው እንጂ ሰዓት አይደለም ይሉ ነበር። ለሴት ትልቁ ነገር ይኼ ነው፤ እንግዳ ወተቷን ቀምሶ፣ ገና ሳያያት፣ እጇን ያውቀዋል ይሉናል። እኔም እወደው ነበር። የሚያሳፍር ነገር መሆኑን ያወቅኩት አራተኛ ክፍል ስገባ ነው።

ያኔ ፈሪ ነበርኩ። መልሱን እያወቅኩት እጄን አላወጣም። አንድ ቀን በኮዳዬ ሻይ በወተት ይዤ ሄድኩ፤ አጠገቤ የምትቀመጠው ሜሮን ልቅመስ ብላ አንድ ጉንጭ ጠጣችና ፊቷን አጨማደደች።

«ኤጭ! ጭስ ጭስ ይላል! በረት ውስጥ ነው እንዴ የምታድሩት?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ጭሷ» ሆነ። «ጭሷ መጣች፣ መስኮት ክፈቱ» ይላሉ። ቤት ሄጄ ለማንም አልተናገርኩም። ግን ወተት መጠጣት አቆምኩ፤ አኮ «አመመሽ?» ሲሉኝ «ሆዴን» እላቸዋለሁ።

የዓመቱ ትምህርት ሊያልቅ አካባቢ የእንግሊዝኛ መምህራችን የቸኮሌት ማፊን አሠራር ሰሌዳ ላይ ጻፉልን። ማፊን ትንንሽ ኬክ ነው አሉን። ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ ሦስት ማንኪያ የካካዋ ዱቄት፣ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሁለት እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ አንድ ኩባያ ወተት። ሰኞ የክፍላችን መዝናኛ ቀን ስለሆነ ሁላችንም ከቤት የሆነ ነገር ይዘን እንድንመጣ ተባለ። እኔ ማፊን ይዤ እመጣለሁ አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ብቻ ሜሮን ዞር ብላ አየችኝ።

እናቴ ደስ አላት። ካካዋውን ከሞያሌ ዕቃ ከሚያመጣው ባለሱቅ በቆርቆሮ ገዛችልኝ። የማፊን ቅርጽ ማውጫ ስላልነበረን ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሰብስበን አጠብን። ውስጡ የሚነጠፈው ወረቀት ደግሞ የአባቴ የድሮ ፈተና ነበር፤ በመቀስ ክብ ክብ አድርገን ቆራረጥነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቴና እናቴ ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ። እኔና ናቲ ቀረን። የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። ቆርቆሮዎቹን ዘይት መቀባት የእሱ ሥራ ነው፤ ከቆርቆሮው ይልቅ ክንዱ ነበር የሚያብረቀርቀው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አኮ ጮጯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ።

«ናጋ? ሰላም ነሽ? ሥራ እንዴት ነው?»

«ናጋ፣ አኮ።»

«ዛሬ ሙሉውን አመጣሁ። የእኔንም። ለእኔ ሻይ ይበቃኛል።»

ያ ዓመትም ዝናቡ የቀረበት ነበር። ቡሬ የጎን አጥንቷ እየተቆጠረ በቀን የምትሰጠው አንዲት ጮጮ እንኳን አይሞላም፤ አኮ ያቺን ለእኛና ለራሳቸው ያካፍሏት ነበር። ይኼን አውቅ ነበር። አላወቅኩም ብል ውሸት ነው።

ወተቱን ኩባያ ላይ ገልብጬ ጮጯቸውን መለስኩላቸው፤ ፍም ሊያቀጣጥሉ ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ኩባያውን አሸተትኩት። በቃ፣ ያ ሽታ ነው። ሜሮን ማፊኑን ስትገምጥ፣ ፊቷ ሲጨማደድ፣ መስኮት ክፈቱ ሲባል፣ ሁሉም ታየኝ። ኩባያውን ይዤ በኋላ በር ወጣሁና ፓፓያው ሥር ደፋሁት። መሬቱ ደርቆ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ስለነበር ቶሎ አልጠጣውም፤ ትንሽ ነጭ ኩሬ ሆኖ ቆመ። በእግሬ አፈር መለስኩበት። ቀና ስል ናቲ ዘይት የተቀባ እጁን ዘርግቶ በሩ ላይ ቆሟል።

«ደፋሽው?»

«ዝም በል።»

«ቡሬ ታለቅሳለች?»

«ለአኮ ከነገርክ አንድም ኬክ አትቀምስም። እሺ?»

አንገቱን ነቀነቀ። ከቁም ሣጥን የዱቄት ወተት አውጥቼ በውሃ በጠበጥኩና ሊጡን አዋሃድኩት። ናቲ እንዲያማስል ማንኪያውን ሰጠሁት፤ እያማሰለ ግን ሊጡን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

ሊጡን ቆርቆሮዎቹ ውስጥ ጨምረን እንደጨረስን መብራት ጠፋ። የኤሌክትሪክ ምድጃችን ቀዝቃዛ ሆኖ ቀረ። ማልቀስ ስጀምር አኮ ከጓሮ ሰሙኝ።

«ምን ያስለቅሳል? ዳቦ ድሮ በመብራት ነበር እንዴ የሚበስለው?»

ትልቁን ብረት ድስት አስመጡኝ። ከሥሩ ጠጠር አነጠፉ፣ ስድስት ቆርቆሮ ደረደሩ፣ ክዳኑን ገልብጠው ከደኑትና ላዩ ላይ ቀይ ፍም ቆለሉበት። ምድጃው ከሥር፣ ፍሙ ከላይ። ኩራዙን ከጎናቸው አደረጉ። «ስንት ደቂቃ ነው አኮ?» ስላቸው «አንድ ተረት ያህል ይበቃዋል» አሉኝ።

ለመጀመሪያው ድስት የነገሩን የጅብ ተረት ነበር፤ ናቲ ከመሬት እስኪወድቅ ሳቀ። ሲያልቅ ክዳኑን በጨርቅ አነሱት። እነዚያ ስድስት ቆርቆሮዎች ጥቁር ቆብ አጥልቀው ነበር፤ የካካዋው ሽታ ግቢውን ሞላው። አውጥተን እንዲበርድ አስቀመጥንና ሁለተኛውን ስድስት ከተትን።

«ዱሪ ዱሪ» ብለው እንደገና ጀመሩ፤ ድሮ ድሮ ማለታቸው ነው። አንዲት ልጅ ነበረች አሉ፣ አንድ ላም ያላት። አንድ ቀን አሮጊት እንግዳ መጥታ ወተት አጠጪኝ አለቻት። ልጅቷ ጮጮውን ከአልጋው ጀርባ ደበቀችና አልቋል አለቻት። አሮጊቷም መርቃት ሄደች። በማግሥቱ ልጅቷ አለበች፣ ናጠች፣ ቅቤ የለም። ጮጮ ቀየረች፣ ቅቤ የለም። ማጠኛውን እንጨት ቀየረች፣ ላሟን ሌላ ሣር ወሰደቻት፣ ቅቤ የለም።

 እኔ ያኔ ከፍሙ ብርሃን ወደ ኋላ ሸሸት አልኩ። ያዩኝ መሰለኝ። ተረቱን ለእኔ ብለው ያወጡት መሰለኝ።

«ለምን አትናገርም?» አለ ናቲ።

«ለማን?»

«ለአሮጊቷ። ደብቄው ነው ብላ።»

«አንቺ ጎበዝ ነሽ» አሉት አኮ።

«ወንድ ነኝ!»

«ኤዬ። ልጅቷም እንደ አንቺ አሰበች። አሮጊቷን ልትፈልግ ተነሣች። አንድ ኮረብታ ወጣች፣ የለችም። ሁለተኛውን ወጣች፣ የለችም። ሦስተኛው ኮረብታ ላይ ስትደርስ...»

መብራት መጣ። ሰፈሩ በሙሉ ጮኸ፣ ናቲም አብሮ እየጮኸ አምፖሉ ሥር ዘለለ። አኮ ኩራዙን እፍ ብለው አጠፉ። «ቀሪው ሌላ ቀን» አሉ። እኔ እንደተረፈ ሰው ተነፈስኩ።

ከበረደው አንዱን ወረቀቱን ልጬ ሰጠኋቸው። ወረቀቱ ላይ የአባቴ ፈተና ትእዛዝ በቅባት ወዝቶ ይታያል፤ «እውነት ወይም ሐሰት በማለት መልሱ» ይላል። ጨብጬ ኪሴ ከተትኩት። አኮ መጀመሪያ አሸተቱት። ከዚያ ቆርሰው ቀስ ብለው አላመጡ።

«ጣፋጭ ነው። ወተቴ የታለ?»

«ውስጡ ነው አኮ። የእርስዎ ወተት ነው እኮ።»

ናቲ ማፊኑን አፉ ውስጥ እንደያዘ ማኘኩን አቆመ። አኮ እንደገና ቆረሱ፣ እንደገና አሸተቱ።

«ሽታው የለም» አሉ።

የካካዋው ሽታ በልጦት ይሆናል ማለት እችል ነበር። ያቺን ታህል ውሸት እንኳን አልመጣችልኝም።  አኮ ያን ጊዜ ቀኝ መዳፋቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። ምን እያደረጉ እንደሆነ አልገባኝም። ተነሥተው ፍሙን አመድ አለበሱና ገቡ።

በማግሥቱ ማፊኑ ከሁሉ በፊት አለቀ። ሜሮን ሁለት በላች። «ከየት ገዛሽው?» አለችኝ። እኔ ነኝ የሠራሁት ስል አላመነችም፤ ካመነች በኋላ ወንበሩ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። «ጭሷ» የሚለኝ ሰው ቀረ። እኔ ግን አንዲት እንኳን አልቀመስኩም።

ከዚያ በኋላ አኮ ወተቱን በጮጮ አላመጡም። በፕላስቲክ ጆግ ሆነ፣ ምንም የማይሸት። እናቴ «ጮጮው ምን ሆነ?» ብትላቸው «አረጀ» አሏት። አውቀዋል አልኩ። ነጩን አፈር አይተውታል፣ እየቀጡኝ ነው። ስለዚህ መሸሽ ጀመርኩ። ናቲ ብቻውን ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ እኔ የቤት ሥራ አለብኝ እላለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ቡሬ ሞተች። ወደራ ከተማ ያገባች ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። የተጫኑበት መኪና ሲነሣ ናቲ አለቀሰ። እኔ ግን ቀለለኝ። ከሁሉም በላይ የማፍርበት እሱ ነው፤ ቀለለኝ።

አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ዘንድሮ ነው እጄን ማውጣት የጀመርኩት። እንዴት እንደጀመርኩ አላውቅም፤ አንድ ቀን መልሱን አውቄው ማንም አላወጣ ሲል እጄ ራሱ ተነሣ። አሁንም ልቤ ይመታል፣ ግን አወጣለሁ። የአማርኛ መምህራችን የልጅነት ትዝታ ጻፉ ሲሉንም የአኮን የጅብ ተረት፣ ፍሙንና ኩራዙን ጽፌ ክፍል ፊት አነበብኩ። አጨበጨቡልኝ። ማታ ናቲ ደብተሬን አንስቶ ሲያነብ አየሁት። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።

«ወተቱን ለምን አልጻፍሽውም?» አለኝ።

ሰባት ዓመት በሙሉ ለእናቴ እንኳን አልነገረም። እኔም የረሳው መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ተነሥተን ማፊን ጋገርን። በምድጃው፣ በአሥራ አምስት ደቂቃ፣ ያለ ተረት። ናቲ ዘይት ቀባ፣ እኔ አማሰልኩ። በሚኒባስ ወደራ ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። አኮ በልጃቸው ደጅ ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል።

«ማነሽ?»

«ሰላማዊት ነኝ አኮ። የነገሌዋ።»

«ናጋ? ናጋ ነሽ? ትንሹስ?»

«እዚህ ነኝ አኮ» አለ ናቲ።

«ወይ ጉድ! አንቺ ድምፅሽ ወፈረ!»

«ወንድ ነኝ እኮ አኮ።»

«ኤዬ፣ ወንድ ነሽ» አሉና ጥርስ በሌለው ድዳቸው ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር፣ አልወጣልኝም። ማፊኑን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። መንገድ ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋ።

«አኮ፣ ያኔ የሰጡኝን ወተት ኬኩ ውስጥ አልጨመርኩትም። ፓፓያው ሥር ደፋሁት። ልጆቹ ጭስ ይላል ብለው ስለሳቁብኝ። ከዚያ ዋሸሁዎት።»

 ሲቆጡኝ፣ ሲያለቅሱ፣ «አውቄ ነበር» ሲሉኝ፣ ሁሉንም አስቤው ነበር።

«ኬኩ ውስጥ አልነበረም?» አሉ።

«አልነበረም።»

«የእኔ ወተት አልነበረም?»

«የዱቄት ወተት ነበር አኮ።»

ማፊኑን ቁርበቱ ላይ አስቀመጡት። ቀኝ መዳፋቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ልክ እንደዚያን ማታ።

«እኔ እጄ ሞተ ብዬ ነበር» አሉ። «ወተቴን ቀመስኩ፣ ሽታዬ የለም። አረጀሁ አልኩ። እጅ ካለቀ ጮጮ ምን ይሠራል? ተውኩት። ለልጅ ልጆቼም አላሳየሁም፤ የሞተ እጅ ምን ያሳያል?»

አውቄ ነበር ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ሰባት ዓመት እየተቀጣሁ ነው ብዬ ሳስብ፣ የተቀጡት እሳቸው ነበሩ። በማንም ሳይሆን በራሳቸው እጅ ነው ያዘኑት።

«ያኔ ድርቅ ነበር እኮ» አሉ ደግሞ፣ ቀስ ብለው። 

«እኔም አይቻለሁ አኮ» አለ ናቲ። «አልተናገርኩም።»

«አንቺ ልጅ ነበርሽ» አሉት።

ለእኔ አላሉኝም። ጠበቅኩ፣ አላሉኝም።

ከዚያ ልጃቸውን በኦሮምኛ ተጣሩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጮጮ ይዛላቸው መጣች፤ ያው የነገሌው ነው። ክዳኑ ጠፍቷል፣ ውስጡ ክርና መርፌ ሞልቶበታል። አኮ ክሩን እየመዘዙ ቁርበቱ ላይ አወጡት፣ ወይራ አስመጡ፣ ፍም አስጨመሩ። ለክዳን የሚሆን ነገር ስላልነበረ «ነይ፣ በእጅሽ ዝጊው» አሉኝ። መዳፌን አፉ ላይ ጫንኩት። እሳቸው ከሥር ይዘው ጆሯቸውን አስጠግተው መወዝወዝ ጀመሩ። መዳፌ ተቃጠለ፣ ጭሱ በጣቶቼ መሃል እየወጣ ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ለቅሶዬ ከየትኛው እንደሆነ ማንም አልለየውም። አቆሙና ፍሙን ደፍተው አፍንጫቸውን አስጠጉ። ረጅም ጊዜ ቆዩ።

«አለ» አሉ። ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው የፈለጉ ይመስላሉ። «አለ። አልሞተም።»

ወደ ነገሌ የሚመለሰው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ናቲ ተነሣ። እኔ ቆሜ ቀረሁና አንድ ነገር ጠየቅኩ።

«አኮ፣ ልጅቷ ሦስተኛው ኮረብታ ላይ አሮጊቷን አገኘቻት?»

ወደ ሰማይ ቀና አሉ።

«ፀሐይ አለ» አሉኝ። ቡሬ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሚጠፋ ከብት የላቸውም።

ሰኞ ጠዋት ብርድ ስለነበረ ቅዳሜ ወደራ ለብሼው የሄድኩትን ሹራብ ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ክፍለ ጊዜው ከመጀመሩ አንዲት ልጅ አፍንጫዋን ይዛ «ማነው ጭስ ጭስ የሚለው?» አለች። ጥቂቶች ሳቁ።  እጄን አወጣሁ። መምህሩ ጥያቄ ያለኝ መስሏቸው «አቤት ሰላማዊት» አሉኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

መምህሩ ወደ ትምህርቱ ገቡ። በቃ፣ ይህችን ታህል ነበረች። አራተኛ ክፍል እያለሁ ለዚህች ስል ነው የሰው እጅ የገደልኩት። ሰባት ዓመቱን ማንም አይመልስላቸውም፤ ጮጯቸው ውስጥ የተጠቀለለውን ክር ሁሉ ብጎትተው አይመለስም። ልጅቷ አሮጊቷን ታግኛት አታግኛት አላውቅም። እንደሚመስለኝ ለማወቅ አንድ ቀን ወደራ ማደር ይኖርብኛል፣ ሲመሽ፤ ከፈቀዱልኝ። እናቴ ሹራቡን ልጠብልሽ አምጪው ስትለኝ፣ ነገ፣ እላታለሁ።